ስምንት የወለል ቀለበቶች

አየር ማረፊያው ውስጥ ሁሉም ሰው «ቋጠሮ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና የሠራተኛ መዝገብ ቤቱ ብቻ ናቸው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ቅጽል ስሙ የወጣለት ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ነው። አንድ የማቀዝቀዣ ሳጥን አስሮ ሲጨርስ የጫኞቹ አለቃ ሊፈታው ሞከረና ላብ በላብ ሆኖ ተነሣ። «ይሄ ሰውዬ ራሱ ቋጠሮ ነው እንጂ ሰው አይደለም» አለ። በዚያው ቀረ። እሱም ስሙን አልጠላውም፤ ዝምተኛ ሰው ስለሆነ ራሱን ከማስተዋወቅ ገላገለው።

ማሰርን ያስተማረው አባቱ ነው። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ላይ የኖረ ሰው ነበር፤ ሹፌር ሆኖ አይደለም፣ ከላይ ሆኖ የሚያስር፣ የሚፈታ፣ ሸራ የሚያለብስ ረዳት ሆኖ ነው። ለልጁ ያወረሰውም አንድ ሙያ ነው፦ ዕቃን ከዕቃ ጋር ማሰር። ቁም ሳጥኑን ከአልጋው፣ አልጋውን ከጠረጴዛው፣ ጠረጴዛውን ከጆንያው። ሁሉም አንድ አካል ሲሆን ይከብዳል፤ የከበደ ዕቃ ደግሞ በየጉድጓዱ አይዘልም ይለው ነበር። ለጭነት መኪና ይሄ እውነት ነው። መኪና ግራና ቀኝ ስፖንዳ አለው፣ ከኋላ መዝጊያ አለው፤ ዕቃው ቢንሸራተት እንኳ የሚያቆመው ነገር አያጣም።

በሃያ ስድስት ዓመቱ ከመኪና ወደ አውሮፕላን ሲሻገር የሁለት ሳምንት ሥልጠና ሰጡት። አሠልጣኙ ጉንፋን የማይለቀው፣ በየዐረፍተ ነገሩ መሐል የሚያስነጥስ ሰው ነበር። ለአሥራ አራት ቀን የተናገረው ሁሉ ቢጨመቅ አንድ ነገር ነው፦ አውሮፕላን ስፖንዳ የለውም። ያለው ወለል ነው፣ ወለሉ ላይ ደግሞ የብረት ቀለበቶች አሉ። ከመንገደኞቹ ወንበር በስተኋላ፣ ከአንዲት ስስ ግድግዳ ወዲያ ባለው የዕቃ ክፍል ውስጥ ስምንት ናቸው። ከባድ ዕቃ ሁሉ ከእነሱ ጋር ይታሰራል። ያልታሰረ ዕቃ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ ወደ ጭራው ይንሸራተታል። ጭራው ሲከብድ አፍንጫው የባሰ ቀና ይላል። ከዚያ በኋላ አብራሪው መሪውን ቢገፋም የሚሰማው የለም። አሠልጣኙ ይሄንን ያሳያቸው በማስመሪያና በላጲስ ነው። ማስመሪያውን ጣቱ ላይ ሚዛን አስይዞ ላጲሱን መሐሉ ላይ አስቀመጠና በስሱ ገፋ አደረገው። ማስመሪያው ወደቀ። ጫኞቹ ሳቁ፤ ቋጠሮም ሳቀ። ግን ገብቶታል። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው «አላውቅም ነበር» የሚል ምክንያት ለዚህ ሰው እንዳይፈለግለት ነው።

ሚስቱን ያገኘውም በቋጠሮው ምክንያት ነው። ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ጊዜ የስፌት መኪናዋን ይዛ ለመብረር መጣች፤ እሱ አሰረላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጥታ የጫኞቹ በር ላይ ቆመችና «ያ ያሰረልኝ ሰውዬ የቱ ነው?» አለች። ልታመሰግነው የመጣች መስሎት ወጣ። «መቀሴን ሰበርክብኝ» አለችው። «ገመድህን ስቆርጥ ነው የተሰበረው። ሰው ዕቃውን እንዲያገኘው አታስርም እንዴ?» እንዴት እንደሚፈታ ሊያሳያት ቁጭ አለ፤ እሷም አብራው ቁጭ አለች። በዓመቱ ተጋቡ። ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። እስካሁን ድረስ ያንን ቋጠሮ መፍታት የሚችሉት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ችግሩም ይኸው ነበር። በሌላኛው ጫፍ፣ አውሮፕላኑ ሃያ ደቂቃ ብቻ ቆሞ በሚመለስበት ትንሽ ማረፊያ፣ ዕቃ አውራጆቹ የቋጠሮን ቋጠሮ መፍታት አቃታቸው። ድሮ ማሰሪያዎቹ የብረት መቆንጠጫ ነበራቸው፤ ጠቅ ሲደረግ ይለቅ ነበር። መቆንጠጫዎቹ አንድ በአንድ ተሰበሩና በእጅ ማሰር ተጀመረ። አውራጆቹ ታዲያ ምን ቸገራቸው፣ ቢላ አወጡ። ማሰሪያው በሄደ ቁጥር አጥሮ ይመለሳል። ቋጠሮ ስልክ ደወለላቸው።

«ፍቱት እንጂ አትቁረጡት» አለ።

«አንተ ላላ አድርገህ እሰር እንጂ» አሉት።

አላልቶ ማሰር ለእሱ ስድብ ነው። መፍታት ደግሞ ለእነሱ መሸነፍ ሆነባቸው። እንዲህ እልህ ተጋብተው ዓመቱን ሙሉ እሱ ሲያጠብቅ እነሱ ሲቆርጡ፣ ማሰሪያው መጀመሪያ በስንዝር፣ ቀጥሎ በክንድ እያጠረ ሄደ። አዲስ እንዲገዛ ሦስት ጊዜ የጥያቄ ቅጽ ሞልቶ ለዕቃ ግምጃ ቤት አስገባ። ሦስት ጊዜም «ታዟል» ተባለ። አራተኛውን መሙላት ሰለቸው።

ከዕለታት አንድ ቀን ማሰሪያውን ከትልቅ ሳጥን ላይ አዙሮ ወደ ወለሉ ሲስበው ቀለበቱ ጋ አልደረሰም። አንድ ስንዝር ቀረው። ተንበርክኮ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተው። ሞተሩ እየተንጫረረ ነው፣ መንገደኞቹ ተሳፍረዋል፣ ከታች ሆነው «ቋጠሮ፣ ጨርስ» ይሉታል። ያን ጊዜ የአባቱ እጅ መጣለት። ሳጥኑን ከጎኑ ካለው ሳጥን ጋር አሰረው፣ ያንን ደግሞ ከጎማዎቹ ጋር። ገፋ አድርጎ ሞከረው፤ ንቅንቅ አላለም። ወረደ።

በመጀመሪያው ቀን አውሮፕላኑ ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆሞ ተከተለው። በሁለተኛው ቀን ከመሬት እስኪነሣ ብቻ አየው። በሦስተኛው ቀን ሻይ ሊጠጣ ሄደ። አራት ወር ሙሉ ምንም አልሆነም።

ጭነት በተጠናቀቀ ቁጥር የሚሞላው ወረቀት አለ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ጭነቱ ታስሯል?» ይላል። ቋጠሮ «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርግና ይፈርማል። ወረቀቱን በመስኮት የሚቀበሉት እትዬ ሚዛን ናቸው። እትዬ ሚዛን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የእያንዳንዱን አውሮፕላን ክብደት ሲደምሩና ሲያካፍሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ዕቃ ሁሉ በእሳቸው ሚዛን ላይ ያልፋል። ሰውንም ቢሆን ገና ከበር ሲገባ በዓይናቸው መዝነው «ሰባ ሦስት ኪሎ» ይሉታል፤ ቢስቱ በአንድ ኪሎ ነው። በዚህ የተነሳ የቲኬት ክፍል ሴቶች በመስኮታቸው በኩል ማለፍ ትተው በጓሮ ነበር የሚዞሩት። ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ቀርቷቸዋል።

ነገሩ የሆነው ሰማዩ ጥርት ባለበት አንድ ጠዋት ነው። አርባ አንድ መንገደኞች ተሳፍረዋል። በኋላው ክፍል ከሻንጣዎቹ ሌላ በእንጨት ሳጥን የታሸገ መቶ አርባ ኪሎ የውሃ ፓምፕ፣ ሁለት ሳጥን የማሽን መለዋወጫና አራት ጎማዎች ነበሩ። ቋጠሮ ፓምፑን ከመለዋወጫው፣ መለዋወጫውን ከጎማዎቹ ጋር አሰረ። እጁን አራገፈ፣ ፈረመ፣ ወረቀቱን በመስኮቱ አስገባ። እትዬ ሚዛን ቀና ሳይሉ ተቀበሉት።

የሻንጣውን ጋሪ እየገፋ ሳለ የሞተሩ ድምፅ ትክክል አልሆነለትም። ዞር አለ። አውሮፕላኑ ከመሬት ተነሥቷል፣ አፍንጫው ቀና ብሏል፣ ቀና ማለቱን ግን አላቆመም። ሆዱ በሙሉ ታየ። ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ የቆመ መሰለ። ከዚያ አፍንጫው ወደ ታች ወረደ፣ አብዝቶ ወረደ፣ እንደገና ተስተካከለ። ዞሮ በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ አረፈ።

ውስጥ የሆነው በኋላ ተነገረ። ሲነሡ ዕቃው በሙሉ ወደ ጭራው ሄደ። አብራሪው መሪውን ባለ በሌለ ኃይሉ ገፍቶ አፍንጫውን ሲያወርደው ደግሞ ያው ዕቃ ወደ ፊት ተመለሰ። በተናጠል ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሻንጣዎቹ ይዘውት ይቀሩ ነበር፤ የመጣው ግን ተያይዞ፣ አንድ አካል ሆኖ ነው። ስሷን ግድግዳ ጥሶ ወጣ። ከግድግዳዋ ማዶ የአስተናጋጇ መቀመጫ ነው። ዳሌዋና ቀኝ እግሯ ተሰበረ። ሌላ የተጎዳ ሰው አልነበረም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ገብተው እሷን ለማውጣት ማሰሪያውን ሁሉ ብጥስጥስ አድርገው ቆራረጡት።

ቋጠሮ ጋሪውን እንደያዘ ቆሞ ነበር። አስተናጋጇን በቃሬዛ ሲያወርዷት አየ። ምንም አልተሰማው። የጫማው ክር መፈታቱን አስተዋለና ጎንበስ ብሎ አሰረው።

የጣቢያው ኃላፊ እየሮጠ መጣ። «ታስሮ ነበር?» አለው።

«ታስሮ ነበር።»

ውሸት አይደለም፤ ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አንዱም «እንዴታ፣ ቆርጠን ስንጨርስ እኮ እጃችን ዝሏል» ብሎ መሰከረለት። ከዚያ በኋላ ከዚህ አልፎ የጠየቀው ሰው የለም። ዕቃው ታስሮ ከነበረ ጥፋቱ የክብደት ነው ተባለ፤ አንድ ነገር ከተጻፈው በላይ ከብዶ ማሰሪያውን በጥሶ ወደ ጭራው ሄዷል። መርማሪዎቹ የእትዬ ሚዛንን ወረቀቶች ወሰዱ። ድምሩ አንድም ስሕተት አልተገኘበትም። «በዚያን ቀን ጠዋት ሚዛኑን ዜሮ ላይ መልሰውታል?» ብለው ጠየቋቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «አዎ» ይልና ይገላገላል። እትዬ ሚዛን ሐሰተኛ አይደሉም፤ አስበው አስበው «አላስታውስም» አሉ። በማግሥቱ ከሥራ ታግደው ቤታቸው ዋሉ።

ቋጠሮ ሥራ አላቋረጠም። አዳዲስ ማሰሪያዎች መቆንጠጫቸው እያብለጨለጨ በሦስት ቀን ውስጥ መጡ፤ ለካ ይቻል ኖሯል። ይጭናል፣ ያስራል፣ ይፈርማል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሚስቱ አንድ ቀን ሾርባው ውስጥ ጨው ሳትጨምር አቀረበችለት። ጨርሶ «ጥሩ ነው» አላት። ታናሽ ልጁ በክፍሏ አንደኛ መውጣቷን ስትነግረው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መለሰላት፤ ልጅቷ ሳቀች፣ እሱ ምን እንዳሳቃት አልገባውም። ማታ ይተኛል፣ እንቅልፍም ይወስደዋል። ሕሊናው አላሳርፍ አለው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር። ግን አርፏል። ልክ የማደንዘዣ መርፌ የተወጋ ድድ ነው፤ ብትነካው ያለ አይመስልም።

«እትዬን ሳትጠይቃቸው ቀረህ» አለችው ሚስቱ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመስኮት ወረቀት ተቀባብላችሁ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ ሄደ። እትዬ ሚዛን በሩን ከፍተው «ሳይሞላ መዝነውልሃል፣ ዘጠኝ መቶ ነው» አሉት ፌስታሉን ገና ሲያዩት። ከዚያ ግን አልሳቁም። ሳሎናቸው ጠባብና ንጹሕ ነው። ጠረጴዛው ላይ የወጥ ቤት ሚዛን ተቀምጧል፣ አጠገቡ ስኳር፣ አጠገቡ በቁጥር የተሞላ ደብተር።

«ይሄን ስኳር ስንት ጊዜ እንደመዘንኩት አትጠይቀኝ» አሉ ሻይ እየቀዱለት። «ሠላሳ አንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት የምሠራው ሦስት ነገር ነው። ካፖርቴን እሰቅላለሁ፣ ሚዛኑን ዜሮ ላይ እመልሳለሁ፣ መነፅሬን እጠርጋለሁ። በዚያን ቀን ካፖርቴን መስቀሌን አስታውሳለሁ። መነፅሬን መጥረጌን አስታውሳለሁ። መሐሉን አላስታውስም።»

«መልሰውት ይሆናል፣ እትዬ።»

«ይሆናል አይበቃም። አርባ አንድ ሰው ነው።» ጣታቸውን ደብተሩ ላይ አደረጉ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝና ልረፍ። ታስሮ ነበር?»

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ነበር። በኋላ ሲያስበው እንኳ ምን እንዳቆመው አላወቀም። ፍርሃት እንዳይባል አልፈራም፤ ምንም አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለው ቃል ነው፣ አፉ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

«ታስሮ ነበር፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። አንተ ያሰርከው ምን ይሆናል ብለህ ነው፤ ለወጉ ጠየቅሁህ።» ደብተሩን ከደኑት። «እንግዲያው እኔ ነኝ።»

ይሄን ያሉት በተለመደው የሥራ ድምፃቸው ነው፤ ድምሩን አግኝተው ከሥሩ እንደሚያሰምሩ ያህል። ቋጠሮ ሻዩን ጨርሶ ተነሣ። ምላሱ መቃጠሉን ያወቀው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሚስቱ ልብስ እየዘመዘመች፣ ስፒሎች በከንፈሯ ይዛ ጠበቀችው። «እንዴት ናቸው?» አለችው በጥርሷ መሐል።

«ደህና ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው ይላሉ።» ተቀመጠ። ሳትጠይቀው ደግሞ «ታስሮ ነበር እኮ» አላት።

ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ከምን ጋር?»

ይሄን መርማሪ አልጠየቀው፣ ኃላፊ አልጠየቀው፣ እትዬ አልጠየቁት።

«እዚህ ቤት ስንገባ ቁም ሳጥኔን ከአልጋው ጋር አስረኸው ነበር» አለች ሚስቱ። «ዳገቱ ላይ ሁለቱም ተያይዘው መጥተው የመኪናውን የኋላ በር መቱት። መዝጊያ ባይኖረው አስፋልቱ ላይ ነበር የምለቅመው። አውሮፕላኑ መዝጊያ አለው?»

«ግድግዳ አለው።»

«ከግድግዳው ወዲያስ?»

«አስተናጋጇ።»

ልብሱን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠችው። «አልቆጣህም» አለች በመጨረሻ። «አንተ ከሥራ ብትባረር የጭነት መኪና ሥራ አለልህ። ብትከሰስም አብሬህ ፍርድ ቤት እቀመጣለሁ። እሳቸው ግን ከዚህ በኋላ በምን ሥራ ነው ስማቸውን የሚያጠሩት? ጥፋተኛ ተብለው ብቻቸውን እዚያ ቤት ሊያረጁ ነው። አንተ እያወቅህ።»

ፍርሃቱን ፈለገው። ከሥራ መባረርን አሰበ፣ ክስን አሰበ፣ የሰዎችን ዓይን አሰበ። አንዱም ውስጡን አልነካውም። የቀረው ነገር እሱ ሳይሰማውም ቢሆን ትክክል የሆነውን ማወቁ ብቻ ነው። በዚያች ዕውቀት ብቻ ተነሣ ማለት ይቻላል።

የምርመራው የመጨረሻ ስብሰባ ዐርብ ጠዋት በማሠልጠኛ አዳራሹ ውስጥ ነበር። መርማሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ የምትመራቸው መነፅሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። እትዬ ሚዛን ተራቸውን እየጠበቁ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ቋጠሮ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አላቸውና አለፈ። በሩን አልዘጋውም።

«ስምዎ ዛሬ አልተመዘገበም» አለችው መርማሪዋ።

«አውቃለሁ። ታስሮ ነበር ብያችኋለሁ፤ ታስሮም ነበር። ከምን ጋር እንደታሰረ ግን አልተናገርኩም።»

ከዕቃ ግምጃ ቤት ያመጣውን አሮጌ ማሰሪያ ከኪሱ አወጣ። ሁለት ወንበሮች ወደ መሐል ጎትቶ እግራቸውን አንድ ላይ አሰረ። እጁ እንደ ወትሮው ፈጣን ነበር። «ይግፉት» አላት። መርማሪዋ አንዱን ወንበር ገፋች። ሁለቱም ተያይዘው ሄደው ጠረጴዛውን መቱት፣ የውሃ ብርጭቆ ተገለበጠ። ማንም ውሃውን ለመጥረግ አልተነሣም።

«ከወለሉ ቀለበት ጋር ነበር መታሰር ያለበት» አለ። ማሰሪያውን ወደ ጠረጴዛው እግር ዘረጋው፤ አንድ ስንዝር ቀረው። «አይደርስም ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራት ወር።»

«ለምን አልጭንም አላሉም?»

«ማሰሪያ ይገዛ ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። አልጭንም ማለትን ግን አልሞከርኩትም። ምንም ሳይሆን ሲቀር ሲቀር ምንም የማይሆን መሰለኝ።»

ጻፉ። ብዙ ጻፉ። መታወቂያውን እንዲያስቀምጥ፣ ከከተማው እንዳይወጣ፣ ክሱ በደብዳቤ እንደሚደርሰው ነገሩት። «እሺ» አለ። ማሰሪያውን ከወንበሮቹ ላይ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

እትዬ ሚዛን ከወንበራቸው አልተነሡም። «ሰማሁ» አሉ። «ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ቤቴ ስትመጣም?»

«አዎ።»

ይመቱኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢመቱት ደስ ይለው ነበር። እሳቸው መነፅራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«ባለፈው ማክሰኞ ሆስፒታል ሄጄ ነበር» አሉ። «ልጅቷ ዘንድ። እግሯ ሥር ቆሜ የሰበርኩሽ እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። መጀመሪያ ፊቷን አዞረችብኝ። ቆየሁ። በኋላ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ይቅር አለችኝ። ጎንበስ ይበሉ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።»

«እትዬ ሚዛን…»

«ቆይ። እኔ ምንም አላጠፋሁም ለካ። እሺ፣ ያ ይቅርታ አሁን የማን ነው?»

ከውስጥ ሲጠሯቸው ቦርሳቸውን አንሥተው ገቡ፤ በሩን እሳቸው ዘጉት።

የዚያኑ ዕለት በጥየቃ ሰዓት ሆስፒታል ሄደ። ሦስት አልጋ ያለበት ክፍል ነው። አስተናጋጇ በመስኮቱ በኩል ተኝታለች፣ እግሯ በገመድ ተሰቅሎ ከጫፉ ክብደት ተንጠልጥሎበታል። ዕድሜዋ ከትልቋ ልጁ ብዙም አይበልጥም። የአልጋው ግርጌ ላይ ቆመ።

«ጫኙ ነኝ፣ እህቴ» አላት። ሁሉንም ነገራት። አልረዘመም፤ ማሰሪያው፣ ቀለበቱ፣ አራቱ ወር። ጣሪያውን እያየች አዳመጠችው።

«አንዲት እናት መጥተው ነበር» አለች ሲጨርስ።

«እሳቸው አይደሉም። ምንም አላጠፉም።»

«እኔ እኮ ይቅር ብያለሁ።»

«እሳቸውን ነው ይቅር ያልሽው።»

«እንዴት እንደከበደኝ አያውቁም።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ከዚያን ቀን ጀምሮ ደህና እንቅልፍ የተኛሁት እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። በቃ አለቀ፣ አወቅሁት፣ ይቅር አልኩ ብዬ ተኛሁ።» የተሰቀለውን እግሯን አየች። «ስንት ሰው ነው የሰበረኝ?»

«አንድ ሰው ነው። እኔ ነኝ።»

ሰውነቷን ማዞር አትችልም፤ ፊቷን ብቻ ወደ መስኮቱ አዞረች። ያን ጊዜ ቋጠሮ አፈረ። ከዚያን ጠዋት ወዲህ የተሰማው የመጀመሪያው ነገር ነው፣ ጆሮው ድረስ አቃጠለው፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋበት። ይቅር በይኝ አላት።

«እርስዎም የሚፈልጉት ለእሳቸው የሰጠሁትን ነው?» አለች ወደ መስኮቱ እንዳየች።

«አዎ።»

«እሱ አልቋል።»

ቋጠሮ የጥየቃው ሰዓት እስኪያበቃ ድረስ የአልጋው ግርጌ ቆመ። እሷም ዞር ብላ አላየችውም፣ ይውጡም አላለችውም።